ስምንት ግራም ግሎቡሊን፦ የፕላዝማ ሴል ካንሰርን በእጃችን ባለው የደም ምርመራ መጠርጠርና መከታተል

አንድ የላብራቶሪ ወረቀት እናስብ። ባለወረቀቱ የ65 ዓመት ገበሬ ናቸው፤ ከወረኢሉ አካባቢ ደሴ ድረስ የመጡት ወገባቸውን ሦስት ወር ሙሉ ስላመማቸው ነው። ሄሞግሎቢን 8.6፣ ኤምሲቪ (የቀይ የደም ሴል አማካይ መጠን) 90፣ ኢኤስአር (ቀይ ሴሎች በቲዩብ ውስጥ የሚወርዱበት ፍጥነት) 128፣ ክሬአቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) 2.4፣ ካልሲየም 10.6፣ ቶታል ፕሮቲን 10.9፣ አልቡሚን (ዋናው የደም ፕሮቲን) 2.9።

እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ሲታይ ሰበብ አያጣም። ሄሞግሎቢኑ ሲታይ የደም ማነስ ነው ተብሎ የአይረን እንክብል ይታዘዛል። ኢኤስአሩ ሲታይ ቲቢ ይጠረጠራል። ክሬአቲኒኑ ለኩላሊት፣ የወገቡ ህመም ደግሞ ለዕድሜና ለሸክም ይሰጣል። ካልሲየሙ ትንሽ ከፍ ያለ ይመስላል እንጂ ማንንም አያስደነግጥም። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ቁጥር ግን ሁሉንም ያያይዛቸዋል፤ ከቶታል ፕሮቲኑ አልቡሚኑን ስንቀንስ 8.0 ይመጣል። ይህ ግሎቡሊን ነው፤ ፀረ እንግዳ አካላትን ጨምሮ ከአልቡሚን ውጭ ያሉት የደም ፕሮቲኖች ድምር። በጤነኛ ሰው ከ2 እስከ 3.5 ግራም በዴሲ ሊትር አካባቢ ይሆናል፤ ከ4 ሲያልፍ ለምን እንዳለፈ መጠየቅ አለበት። 8 ሲሆን ደግሞ ታካሚው ያለ መልስ ወደ ቤት መመለስ የለባቸውም።

ካልሲየሙም እንደሚታየው አይደለም። ከደም ካልሲየም 40 በመቶ ያህሉ በፕሮቲን፣ በተለይም በአልቡሚን ላይ ተጣብቆ ስለሚዞር፣ አልቡሚን ሲያንስ የሚለካው ካልሲየምም ያንሳል። ስለዚህ ከ4 ላይ አልቡሚኑን ቀንሶ፣ የቀረውን በ0.8 አባዝቶ፣ በተለካው ካልሲየም ላይ መደመር ነው። 4 ሲቀነስ 2.9 የሚሰጠው 1.1 ነው፤ በ0.8 ሲባዛ 0.88፣ ከ10.6 ጋር 11.5 ገደማ። ይህ ከ11 በላይ ነው፤ መልቲፕል ማይሎማ ለሚባለው የፕላዝማ ሴል ካንሰር ምርመራ መስፈርት የሚበቃ ቁጥር።

እዚህ ጽሑፍ ላይ ደጋግመን የምንመለስበት ነገር ይኸው ነው። በሽታውን ለመጠርጠር የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ወልድያም፣ ኮምቦልቻም፣ ደሴም የሚታወቅ ተራ ምርመራ ነው። የሚጎድለው ቁጥሮቹን አንድ ላይ ማንበብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቶታል ፕሮቲንና አልቡሚን ጭራሽ አለመታዘዛቸው።

በሽታው ምንድን ነው

ፕላዝማ ሴል በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚኖር፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርት ነጭ የደም ሴል ነው። በጤና ጊዜ እልፍ ዓይነት ፕላዝማ ሴሎች እልፍ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ይሠራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ከሥርዓት ወጥቶ ራሱን ሲያባዛ፣ ልጆቹ ሁሉ የሚያመርቱት ያንኑ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ይሆናል። ኤም ፕሮቲን የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይጂጂ የሚባለው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ነው፤ ቀጥሎ አይጂኤ። ከመቶ 15 እስከ 20 በሚሆኑ ታካሚዎች ላይ ግን ሴሎቹ ሙሉውን ፕሮቲን ትተው ካፓ ወይም ላምዳ የሚባለውን ቀላል ሰንሰለት ብቻ ያመርታሉ። ይህን ልዩነት አንባቢ ቢይዝልን መልካም ነው፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው።

የበዙት ሴሎች መቅኔውን ሲያጣብቡ ደም ያንሳል። አጥንት የሚበላውን ሴል ሲቀሰቅሱ አጥንት ይሳሳል፣ ካልሲየም ወደ ደም ይፈሳል። ቀላል ሰንሰለቱ በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ እየረጋ ይደፍናቸዋል። ጤነኛው ፀረ እንግዳ አካል ስለሚመነምን ደግሞ የሳንባ ምች ይመላለሳል።

ወሎ ውስጥ ይህ ሁሉ በሌላ ስም ሊጠራ ይችላል። «ብርድ ገብቶኝ ነው»፣ «ነዶ ሳነሳ ወገቤን ቆረጠኝ»፣ «ኩላሊቴ ነው»። አንዱ ጠበል ይጠመቃል፣ አንዱ ወጌሻ ይጠራል፣ አንዱ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ይገዛል። ስለ ወጌሻውና ስለ ዲክሎፌናኩ በግልጽ መናገር አለብን። በማይሎማ የሳሳ የጀርባ አጥንት በጠንካራ እጅ ሲታሽ ሊሰበርና ነርቭ ሊጫን ይችላል፤ እግር መክበድና ሽንት አልወጣ ማለት ከመጣ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ በቀላል ሰንሰለት የተጨናነቀውን ኩላሊት ሙሉ በሙሉ ሊያቆሙት ይችላሉ። ዕድሜው ከ50 ያለፈ፣ የወገብ ህመሙ ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ደሙም ያነሰ ሰው ምርመራው እስኪያልቅ ለህመሙ ፓራሲታሞል ይበቃዋል፤ ካልበቃው ኩላሊት የማይነካ ሌላ መድኃኒት ሐኪም ያዝለታል።

ተራ ከሚባሉት ምርመራዎች የሚነበበው

ሲቢሲው (የደም ሴሎች ቆጠራው) ላይ ሄሞግሎቢን ከ10 በታች፣ ወይም ከመደበኛው ዝቅተኛ መጠን በ2 ግራም ያነሰ መሆኑ ከመስፈርቶቹ አንዱ ነው። የማይሎማ ደም ማነስ አብዛኛውን ጊዜ ኤምሲቪውን አይለውጠውም፤ ከ80 እስከ 100 መካከል ይሆናል። ኤምሲቪው 90 የሆነ ሽማግሌ ላይ ወር በወር አይረን እየጨመሩ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ኢኤስአር ከ100 ማለፉ ብዙ በሽታ ላይ ይታያል፤ ቲቢ ላይም፣ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ላይም። ምክንያቱ ግን ራሱ ይናገራል። ፕሮቲኑ ቀይ የደም ሴሎችን እንደ ተደረደረ ሳንቲም ያጣብቃቸውና ቶሎ ይወርዳሉ። ይህንኑ በስሚር፣ ማለትም በመስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ በሚታየው ደም ላይ፣ በዓይን ማየት ይቻላል። ስሚሩ ሲቀለም ከበስተጀርባው ሰማያዊ ጥላ ካለው ፕሮቲን በዝቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ማንኛውም ስሚር ወፍራሙ ቦታ ላይ የተደረደረ ይመስላል። ሴሎቹ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ወደተዘረጉበት ቀጭኑ ዳር ተጠግቶ፣ እዚያም መደርደሩ ከቀጠለ ነው መጻፍ ያለበት። ነጭ ሴል ሲቆጠር ፕላዝማ ሴል ከታየ ደግሞ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ከ100 ነጭ ሴሎች 5ና ከዚያ በላይ ፕላዝማ ሴል ከሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ባለው ትርጉም፣ ፕላዝማ ሴል ሉኬሚያ የሚባለው ከባዱ ዓይነት ነው፤ ቀድሞ ወሰኑ 20 ነበር። ይህን ማሽን አይለየውም፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ዓይን ነው የሚለየው።

የመደርደሩ ጣጣ ደም ባንክም ይደርሳል። ደም ለመስጠት ሲመሳከር የተደረደሩት ሴሎች የተጓጎሉ መስለው «አይስማማም» ያሰኛሉ። ሴረሙን (ከረጋ ደም የሚለየውን ፈሳሽ) አውጥቶ በምትኩ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) ሲጨመር መደርደር ከሆነ ይበተናል፤ እውነተኛ አለመስማማት ከሆነ አይበተንም።

ክሬአቲኒን ከ2 ማለፉ መስፈርት ነው፤ ሆኖም ሰውነታቸው የቀጠነ ሰዎች ላይ ያታልላል። 45 ኪሎ የምትመዝን የ65 ዓመት እናት ክሬአቲኒኗ 1.4 ቢሆን ብዙ ሰው «ትንሽ ከፍ ብሏል» ብሎ ያልፈዋል። ኩላሊቷ በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ ሒሳቡ ይሠራ፦ ከ140 ላይ ዕድሜዋ ሲቀነስ 75፤ በ45 ሲባዛ 3375፤ 72 በ1.4 ተባዝቶ ለሚመጣው 100.8 ሲካፈል 33.5፤ ሴት ስለሆነች በ0.85 ሲባዛ 28 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ገደማ። ወሰኑ 40 ነው። የእኚህ እናት ኩላሊት ከግማሽ በላይ አቅሙን አጥቷል፤ ክሬአቲኒኑ ግን ገና 1.4 ነው።

አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው፣ ከአጥንትና ከጉበት የሚወጣው ኤንዛይምም ይረዳል፤ ከሌላ ቦታ ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር ብዙ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል፣ ማይሎማ ግን አጥንት ገንቢውን ሴል ስለሚያፍነው አብዛኛውን ጊዜ መደበኛ ይተወዋል። አጥንት እየፈረሰ አልካላይን ፎስፋቴዝ ዝም ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

አሁን ወደዚያ ቀላል ሰንሰለት ብቻ ወደሚመረትበት ዓይነት እንመለስ። በእነዚህ ታካሚዎች ግሎቡሊኑ አይጨምርም፤ እንዲያውም ጤነኛው ፀረ እንግዳ አካል ስለተመናመነ 1.8 ወይም 1.5 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ግሎቡሊንም ከደም ማነስና ከኩላሊት መድከም ጋር ሲመጣ ምልክት ነው። የሽንት ምርመራውም ያታልላል፤ ወረቀት ተነክሮ የሚታየው ዲፕስቲክ የሚለየው አልቡሚንን እንጂ ቀላል ሰንሰለትን አይደለም። ዲፕስቲኩ «ኔጋቲቭ» ወይም «ትሬስ» እያለ ሽንቱ በፕሮቲን የተሞላ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው አሮጌና ርካሽ ነው። ሽንቱ በሴንትሪፉጅ ይጠራል፤ ከላይ ካለው ንጹሕ ሽንት ላይ 3 በመቶ ሰልፎሳሊሲሊክ አሲድ እኩል በእኩል ይጨመራል፤ ከደመነ ፕሮቲን አለ። ዲፕስቲኩ ባዶ ሆኖ ይህኛው በብርቱ ከደመነ፣ ቀላል ሰንሰለት መጠርጠር ነው። በከፍተኛ መጠን የተወሰደ ፔኒሲሊን ወይም ለራጅ የተሰጠ የንፅፅር መድኃኒትም ሊያደመነው ስለሚችል ታካሚው ምን እንደወሰደ ይጠየቅ።

ናሙናው አዲስ አበባ እስኪደርስ

ጥርጣሬውን ወደ ማረጋገጫ የሚወስደው የሴረም ፕሮቲን ኤሌክትሮፎረሲስ ነው። ፕሮቲኖቹ በኤሌክትሪክ ተገፍተው አልቡሚን፣ አልፋ 1፣ አልፋ 2፣ ቤታና ጋማ በሚባሉ ቦታዎች ይለያያሉ። ኤም ፕሮቲን አንድ ዓይነት ስለሆነ አንድ ቦታ ተሰብስቦ እንደ ሹል ጫፍ ይቆማል። ኢሚዩኖፊክሴሽን የሚባለው ተከታዩ ምርመራ ደግሞ ሹሉ አይጂጂ ይሁን አይጂኤ፣ ካፓ ይሁን ላምዳ ይለያል። ኤሌክትሮፎረሲስ ብቻውን ከመቶ 80 ያህሉን የማይሎማ ታካሚ ያገኛል፤ ኢሚዩኖፊክሴሽን ሲጨመር ከ90 ያልፋል፤ የነፃ ቀላል ሰንሰለት ልኬት ሲታከልበት የሚያመልጠው ጥቂት ነው።

ምርመራው ባቅራቢያ ካልተሠራ ናሙናው ወይም ታካሚው 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። ናሙናውን መላክ ሰውየውን ከመላክ ይረክሳል፤ በትክክል ከተዘጋጀ። ደሙ በቀይ ክዳን ቲዩብ እንጂ በወይን ጠጅ ክዳኑ አይቀዳም። ወይን ጠጁ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ፋይብሪኖጅን የሚባለው ፕሮቲን ውስጡ ይቀራል፤ ኤሌክትሮፎረሲስ ላይም በቤታና በጋማ መካከል ቀጭን መስመር ሠርቶ ኤም ፕሮቲን ይመስላል። ሰውየው የሌለበትን ካንሰር ይዞ ይመለሳል ማለት ነው። ቀይ ክዳኑም ቢሆን 30 ደቂቃ ያህል ቆሞ በደንብ ሳይረጋ ሴንትሪፉጅ ውስጥ ከገባ ያው ስህተት ይመጣል፤ ሄፓሪን የሚወስድ ታካሚ ላይ ደግሞ የበለጠ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሴረሙ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከረጋው ደም ተለይቶ በንጹሕ ትንሽ ቲዩብ ይገባል፤ በበረዶ ሳጥን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተይዞ ይላካል። ያልተለየ ደም በረዶ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ የፈነዳ ደም ኤልዲኤች የሚባለውን ኤንዛይምና ፖታሲየምን በሐሰት ያንራል፣ መስመሮቹንም ያደበዝዛል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ከእውነቱ በላይ ይወጣሉ። ጅማት እየፈለጉ ላስቲኩን አስሮ መርሳት የተለመደ ስለሆነ ነው ይህን የምናነሳው።

ጋማው ቦታ ላይ የሚታይ ከፍታ ሁሉ ማይሎማ አይደለም፤ ወሎ ላይ ይህ ጉዳይ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያሳስባል። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወጣቶች ካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ይዘው ይመለሳሉ። ካላ አዛር ግሎቡሊንን እስከ 6ና 7 ግራም ሊያደርስ፣ ደምን ሊያሳንስ ይችላል። የሚለየው ቅርጹ ነው፦ በካላ አዛር፣ በኤችአይቪ፣ በቆየ የጉበት በሽታ ጋማው እንደ ጉብታ ሰፍቶ ይነሳል፤ ማይሎማ ላይ ግን እንደ ካስማ ይሾላል። ሰውየውም ይለያል። ትኩሳት ያለው፣ ጣፊያው ያበጠ፣ ከቆላ የተመለሰ የ24 ዓመት ወጣት መጀመሪያ የካላ አዛር ፈጣን ምርመራ የሆነው አርኬ 39 ይታዘዝለት። ማይሎማ ጣፊያን የሚያሳብጠው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ከ40 ዓመት በታችም ብዙ አይታይም።

ቀላል ሰንሰለትና የመስፈርቱ ቁጥሮች

ነፃ ቀላል ሰንሰለትን በደም መለካት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ብዙ ቦታ በሚሠራበት ፍሪላይት በሚባለው ዘዴ ካፓ ከ3.3 እስከ 19.4፣ ላምዳ ከ5.7 እስከ 26.3 ሚሊ ግራም በሊትር መደበኛ ነው፤ የካፓና የላምዳ ሬሾ ከ0.26 እስከ 1.65። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ሁለቱንም ማስወገድ ስለሚያቅተው ካፓውም ላምዳውም ከፍ ይላሉ፤ ሬሾው እስከ 3.1 ቢደርስ በራሱ በሽታ አይባልም። ይህን የማያውቅ ሰው 2.4 ሲያይ ይደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታደሰው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በመቅኔ ምርመራ ወይም በባዮፕሲ የፕላዝማ ሴል በሽታ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የበዛው ሰንሰለት የሌላውን 100 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነና ራሱም ከ100 ሚሊ ግራም በሊትር ካላነሰ፣ አጥንትም ኩላሊትም ገና ሳይነኩ ሕክምና ይጀመራል።

ኤም ፕሮቲን ከ3 ግራም በዴሲ ሊትር በታች፣ የመቅኔው ፕላዝማ ሴል ከ10 በመቶ በታች ሆኖ የአካል ጉዳት ከሌለ ነገሩ ካንሰር አይደለም፤ ኤምጋስ የሚባል ቅድመ ሁኔታ ነው። በየዓመቱ ከመቶው አንድ ሰው ያህል ወደ ማይሎማ ወይም ወደ ተዛማጁ ይሸጋገራል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑት 3 በመቶ ገደማ ላይ ተገኝቷል፤ ጋና ውስጥ ከ50 እስከ 74 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ 6 በመቶ ገደማ። በጥቁር ሕዝብ ላይ ድርሻው ከፍ እንደሚል የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ውጤት የያዘ ሰው ከስድስት ወር በኋላ፣ ከዚያም በዓመት አንዴ ይመርመር እንጂ ኬሞ አያስፈልገውም። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ40 ዓመት በላይ ያለውን ሕዝቧን በደም ማጣራት ጀምራ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቧል። ለእኛ ግን ምልክት የሌለውን ሰው ሁሉ ማጣራት አሁን የሚመከር አይደለም። ምልክት ያለው ሰው ገና በወቅቱ ሳይያዝ ጤነኛውን መፈለግ ቅደም ተከተል ማፋለስ ነው።

ሕክምና ከተጀመረ በኋላ

ክትትሉ ላይ ትልቁ ስህተት ቁጥርን ከማይወዳደረው ቁጥር ጋር ማወዳደር ነው። በኤሌክትሮፎረሲስ የተለካ ኤም ፕሮቲን ከጠቅላላ አይጂጂ ልኬት ጋር አይነጻጸርም። የፍሪላይት ውጤትም ኤን ላቴክስ ከሚባለው ጋር አይነጻጸርም፤ ሁለቱ ተመሳሳይ ሰንሰለት ቢለኩም የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ታካሚው ሕክምናውን የጀመረበትን ላብራቶሪና ዘዴ እስከ መጨረሻው ቢይዝ ይሻላል፤ መለወጥ ግድ ከሆነ አንዱን ናሙና በሁለቱም አስለክቶ ልዩነቱን ማወቅ ነው። አይጂኤ የሆነ ኤም ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ቤታ ውስጥ ተደብቆ ሹሉ አይታይም፤ እሱን በጠቅላላ አይጂኤ መከታተል ይቀላል።

ሰው ቶሎ ለውጥ ይጠብቃል። አይጂጂ በደም ውስጥ ግማሹ የሚጠፋው በ3 ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ሴሉን ዛሬ ቢገድለው እንኳ ቁጥሩ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በየሳምንቱ ማስለካት ገንዘብ መጣል ነው፤ በየዙሩ፣ ማለትም በ3 ወይም 4 ሳምንት አንዴ ይበቃል። ቀላል ሰንሰለት ግን ዕድሜው የሰዓታት ስለሆነ መድኃኒቱ መሥራቱን በቀናት ውስጥ ያሳያል፤ ኩላሊቱ ለተጎዳ ሰው ጠቃሚነቱ ለዚህ ነው።

ኤም ፕሮቲን 5.2 የነበረ ሰው 2.4 ሲደርስ ከግማሽ በላይ ወርዷልና ከፊል ምላሽ ይባላል። 0.5 ሲደርስ 90 በመቶ ወርዷል፤ በጣም ጥሩ ምላሽ ነው። ሙሉ ምላሽ ለማለት ኤም ፕሮቲኑ በኢሚዩኖፊክሴሽን ጭምር መጥፋት፣ የመቅኔው ፕላዝማ ሴልም ከ5 በመቶ በታች መሆን አለበት። ወደ ላይ ሲመለስስ? ከዝቅተኛው ቁጥር በ25 በመቶ ጨምሮ፣ ጭማሪውም ቢያንስ 0.5 ግራም ሲሆን ነው አገርሽቷል የሚባለው። ከ0.8 ወደ 1.0 መሄድ በመቶኛ 25 ቢሆንም ጭማሪው 0.2 ብቻ ስለሆነ ደግሞ ማየት እንጂ መድኃኒት መለወጥ አያስፈልግም። ከ0.8 ወደ 1.4 ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንዴም ኤም ፕሮቲኑ ባለበት ቆሞ ቀላል ሰንሰለቱ ብቻ ይነሳል፤ ሴሎቹ አመራረታቸውን ለውጠዋል ማለት ነው። ሬሾው በጣም ከተዛባና ሰንሰለቱ በድንገት «መደበኛ» ሆኖ ከመጣ ደግሞ ላብራቶሪው ናሙናውን አቅጥኖ ይድገመው፤ ፕሮቲኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ ምርመራው ራሱ ይታለላልና።

በሌላው ዓለም አሁን ኤም ፕሮቲንን በማስ ስፔክትሮሜትሪ (ፕሮቲንን በክብደቱ በሚለይ ዘዴ) መፈለግ፣ በደም ውስጥ የሚዞሩ ጥቂት የማይሎማ ሴሎችን መቁጠር ተጀምሯል። መቅኔ የመውጋቱን ድግግሞሽ ሊቀንሱ ስለሚችሉ ተስፋቸው ትልቅ ነው። ለወሎ ግን እንደ እኛ እምነት የሚቀድመው በደሴ አንድ የኤሌክትሮፎረሲስ መሣሪያና ሹሉን ከጉብታው የሚለይ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። የደቡብ ወሎ፣ የሰሜን ወሎ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና የዋግ ኽምራ ናሙና ተጠራቅሞ በሳምንት አንድ ቀን ቢሠራ እንኳ ብዙ ሰው ከመንገድ ይድናል። የማይሎማ መድኃኒቶቹ ቦርቴዞሚብ፣ ታሊዶማይድና ሌናሊዶማይድ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብተዋል፤ መድኃኒቱን ማን እንደሚያስፈልገው የሚነግረው ምርመራም አብሮ ሊታሰብበት ይገባል።

እስከዚያው ወደ ላይ የሚላክ ታካሚ ሪፈራል ወረቀቱ ላይ «ለወገብ ህመም» ተብሎ ብቻ አይጻፍለት። የሄሞግሎቢኑ፣ የክሬአቲኒኑ፣ የተስተካከለው ካልሲየምና የግሎቡሊኑ ቁጥር ከነቀናቸው፣ «ማይሎማ ተጠርጥሯል፤ ኤሌክትሮፎረሲስ፣ ኢሚዩኖፊክሴሽንና ፍሪ ላይት ቼይን ይሠራ» ከሚል ጋር ይስፈር። የጤና መድን ያለው ሰው የሪፈራሉን ቅጂ ሳይዝ አይነሳ። ዋናዎቹ የላብራቶሪ ወረቀቶች በአንድ ፌስታል፣ የመጀመሪያው ከታች የቅርቡ ከላይ ሆነው፣ ፎቷቸውም ልጃቸው ስልክ ላይ ይቀመጥ፤ ቀጣዩ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው የኤም ፕሮቲኑ ዝቅተኛ ቁጥር ስንት እንደነበር ነው።